ስክሪኑ የጠቆረበት ዘመን

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው አንድ በሽታ ደጋግሞ ይገጥመው ነበር። ማሽኑ ይበራል፣ ሰማያዊዋ መብራት ቦግ ትላለች፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንዳንዱ ከመጥቆሩ በፊት ለሳምንታት ምልክት ሲሰጥ ይቆያል፤ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ይሰመሩበታል፣ በፊደላቱ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ ይረጭበታል። ሌላው ደግሞ ምስሉ ደህና ሆኖ ሳለ ገመድ አልባ ኔትወርኩ ድንገት ይጠፋና ባለቤቱ አዲስ የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ ይገጥምለታል። አሮጌው ካርድ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ መትቶት ነው፤ የበጋ አቧራ ገብቶበት ነው፤ ልጆቹ ጌም እየተጫወቱበት ነው፤ ቫይረስ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ሰው ራሱን ሲወቅስ መስማት ነበር፤ “አልጋ ላይ አስቀምጬ ባልሠራበት ኖሮ፣ ቻርጀሩን እየነቀልኩ ባድር ኖሮ” እያለ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚለው ሰው አልነበረም። ጠጋኙም ቢሆን ገና አልሰማም።

ላፕቶፕ ያኔ ብዙውን ጊዜ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይልከዋል፣ ከዱባይ የተመለሰ ነጋዴ በልብስ ጠቅልሎ ያመጣዋል፣ ያገለገለም ሆነ አዲስ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ደረሰኝ የለውም፤ ቢኖረውም ባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ዋስትና የለውም። ፈላጊው ግን ሞልቷል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ከእሱ ዘግይቶ የመጣው የመምህራን አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከሆኑ ወዲህ፣ ከፖሊም፣ ፔዳ ከሚባለው ከመምህራኑ ግቢም መመረቂያ ጽሑፉን በራሱ ላፕቶፕ መተየብ የሚፈልግ ተማሪ ይመጣ ነበር። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ደግሞ ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ላፕቶፑን ሌት ተቀን አያጠፉትም። ሙሽሮቹ ቪዲዮውን ለመልስ ይፈልጉታል፤ ማሽኑ ሲግል ከታች መጽሐፍ ወይም የለስላሳ ቆርኪ ደግፈውለት ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ትገኛለች። በከተማዋ አቅራቢያ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያሳይ ጉብታ ላይ፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ግንብ አለ። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ስለሆነ ግንቡ ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ ይቀድማል። በዚያች ከተማ የሚያስተምሩ አንድ የታሪክ መምህር ስለ ጉዛራ፣ ስለ አካባቢው ቦታዎች ስምና ስለ ድሮው ገበያ ከሽማግሌዎች የሰሙትን እየጻፉ ያጠራቅሙ ነበር። መጀመሪያ በደብተር፣ የእህታቸው ልጅ ከአሜሪካ ላፕቶፕ ከላከላቸው በኋላ ደግሞ በኮምፒዩተር። የተማሪዎቻቸው ውጤት፣ የፈተና ጥያቄዎቻቸው፣ የሽማግሌዎቹ ታሪክ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው ባሕር ዳር ገቡ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ አንድ በር ብቻ ያላት ጠባብ የጥገና ቤት ነበረች። ወጣቱ ጠጋኝ ወንበር ሰጣቸውና ማሽኑን ገልበጥ አድርጎ አየው።

“መምህር፣ መስመር መስመር ይልብዎት ነበር?”

“ከጥምቀት ጀምሮ ነዋ! እኔ ስክሪኑ መስሎኝ በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ይለቀኝ ነበር።”

“ስክሪኑስ አይመስለኝም። እስቲ እንየው።”

መጀመሪያ ባትሪውን አወጣና የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭኖ ያዘው፤ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እንዲወጣ ነው። ሚሞሪዎቹን ነቅሎ በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መለሳቸው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ከጥግ አሮጌ ሞኒተር ጎትቶ ሰካበት፤ እሱም ላይ ጨለማ ነው። በመጨረሻ የእጅ ባትሪ አብርቶ ስክሪኑን በጎን አየው፤ የስክሪኑ መብራት ብቻ የጠፋ ቢሆን ኖሮ የደበዘዘ ምስል ይታይ ነበር። ምንም የለም። ይህች ምርመራ የዚያ ዘመን ጠጋኞች ዋና ዕውቀት ናት። ስክሪን፣ ሚሞሪና ኬብል ቀላል ነገር ነው፣ ይቀየራል። በውጭ ሞኒተርም ካልታየ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ጋ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ደግሞ “ካርድ” ይባል እንጂ የሚነቀል ካርድ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ ነው።

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን ብሎን ፈትቶ አንዱን ካርድ በሌላ መተካት የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ለላፕቶፕም የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤምኤክስኤም የሚባል የሚሰካ ካርድ አስተዋውቋል፤ እንደ ዴል ፕሪሲሽንና ኤችፒ ኢሊትቡክ ያሉ አንዳንድ ከባድ የሥራ ላፕቶፖች በዚያ መንገድ ተሠርተዋል። ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። እንፍራንዝና ባሕር ዳር የሚደርሰው ላፕቶፕ ግን ከቤት ዕቃ መደብር የተገዛ ቀለል ያለ ሞዴል ነው፤ ቺፑም ከቦርዱ ጋር ተጋብቷል።

ስለዚህ የቀረው መንገድ ማሞቅ ነው።

ወጣቱ ሠላሳና አርባ የሚሆኑ ብሎኖችን እየፈታ በወረቀት ላይ በየቦታቸው ደረደራቸው። የማቀዝቀዣውን መዳብ ሲያነሳ በፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በአልኮል ጠረገው። ከቺፑ በቀር ሌላውን የቦርዱን ክፍል በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈነ። በቺፑ ዙሪያ ፍሎክስ አንጠባጠበና ሙቅ አየር የሚተፋውን መሣሪያ አነሳ፤ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆም፣ በቀስታ እያዞረ። ቤቷን የሙጫ ጭስ ሞላት፤ በሩን ከፍቶ ከማስነጠስ በቀር ሌላ መከላከያ አልነበረውም። ሙቀቱ ደርሷል አልደረሰም የሚለውን የሚለየው በመርፌ ነው፤ ከቺፑ አጠገብ ያለችውን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ክፍል በመርፌው ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ከተንሳፈፈችና ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ብየዳው ቀልጧል ማለት ነው። ከእርሳስ ነፃ የሆነው የያኔው ብየዳ 217 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ እርሳስ ያለበት የድሮው 183 ላይ ይበቃው ነበር። ወጣቱ መሣሪያውን አጥፍቶ ቦርዱን ሳይነካ እንዲቀዘቅዝ ተወው። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የነበረውን ወፍራም ለስላሳ ንጣፍ ጥሎ በልኩ የቆረጠው የመዳብ ቁራጭ አስገባበት።

ማሽኑ በራ። ዊንዶውስ መጣ። መምህሩ “ተመስገን!” አሉ፣ ኪሳቸው ገቡ።

“መምህር፣ ገንዘቡ ይቆይ። ፍላሽ ይዘዋል? አሁኑኑ ፋይልዎን ይገልብጡ። እኔ አሙቄ ያስነሳሁት ብዙ ነው፤ ብዙውም ይመለሳል።”

መምህሩ ፍላሽ አልያዙም ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጣቸው ሄዱ። ላፕቶፑ ዓቢይ ጾምን ዘልቆ ፋሲካን አለፈና እንደገና ጠቆረ።

ለምን ይመለሳል? የዚህ መልስ ከባሕር ዳር ርቆ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ሰኔ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. ኢንቪዲያ ለባለ አክሲዮኖቹ ባወጣው መግለጫ፣ በላፕቶፕ ውስጥ የተሸጡ አንዳንድ የቀድሞ ትውልድ ቺፖች ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆኑን፣ ምክንያቱም ቺፑን ከመያዣው ጋር ለማያያዝ የገባው ደካማ ቁስ እንደሆነ ገለጸ። ለዋስትናና ለጥገና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝም አስታወቀ። በዚያው ወቅት ዴል ላቲቲዩድ ዲ630ንና ኤክስፒኤስ ኤም1330ን ለመሳሰሉ ሞዴሎች ማራገቢያውን ቀደም ብሎ የሚያስነሳ የባዮስ ማሻሻያ ለቀቀ። ኤችፒ የፓቪልየን ዲቪ2000፣ ዲቪ6000 እና ዲቪ9000 ላፕቶፖችን ዋስትና አራዘመ፤ ከዘረዘራቸው ምልክቶች አንዱ ገመድ አልባ ኔትወርክ መጥፋት ነበር። አፕልም ጂፎርስ 8600ኤም ጂቲ የሚባለው የኢንቪዲያ ቺፕ ያለባቸውን ማክቡክ ፕሮዎች በነፃ እንደሚጠግን አሳወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ስምምነቱ ጸደቀ፤ የተጎዳው ሰው ማሽኑን ያስጠግናል ወይም በምትኩ ሌላ ላፕቶፕ ይሰጠዋል። ስምምነቱ ግን አሜሪካ ውስጥ ለገዙ ሰዎች ነበር፤ የማመልከቻው ጊዜም በወራት ውስጥ ተዘጋ። በሻንጣ ተሻግሮ የመጣ ላፕቶፕ ባለቤት ይህን የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም። ቢሰማስ ማሽኑን በምን መልሶ ይልከዋል? በኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ተበላሽቶ የተጣለ ላፕቶፕ ሁሉ በዚህ ሰበብ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ስንቱ ባለቤት ካሳ የሚገባው ሆኖ ሳለ ከኪሱ ከፍሎ፣ ራሱንም ወቅሶ እንደተመለሰ ሲታሰብ ያንገበግባል።

የጉዳቱን ምሥጢር ጠጋኞቹ የተረዱት ዘግይተው፣ ከስንት የከሸፈ ጥገና በኋላ ነው። ቺፑ ቦርዱ ላይ የሚቀመጠው በቀጥታ አይደለም። ሲሊኮኑ በመቶዎች በሚቆጠሩ፣ በዓይን በማይለዩ የብየዳ ጉብታዎች አማካይነት አንዲት አረንጓዴ ገበታ ላይ ይቆማል፤ ገበታዋ ደግሞ ከሥሯ ባሉ ተለቅ ተለቅ ባሉ ኳሶች ከማዘርቦርዱ ጋር ትያያዛለች። በጉብታዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ሙጫ አለ። ወጣቱ ጠጋኝ ይህን ለእንፍራንዙ መምህር ሲያስረዳ የጉዛራን ግንብ ጠቀሰላቸው፤ ድንጋዩ ቢጠነክርም ግንቡን ለዘመናት ያቆመው በመካከሉ ያለው ኖራ ነው፣ ኖራው ቢላላ ሸክሙ ሁሉ በየድንጋዩ ጫፍ ላይ ያርፋል። በእነዚያ ቺፖች ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሙጫው ቺፑ በሚሠራበት ሙቀት ይለሰልሳል፤ ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሲሊኮኑና ገበታው እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ጫናው ጉብታዎቹ ላይ ይወድቃል። በመጨረሻ ይሰነጠቃሉ።

እዚህ ላይ የሙቅ አየሩ ጥገና ለምን እንደማይዘልቅ ይገለጣል። የተሰነጠቁት ጉብታዎች እርሳስ የበዛባቸው ስለሆኑ የሚቀልጡት 300 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጠጋኙ 217ን አልፎ ጥቂት ከፍ ቢል የሚያቀልጠው የታችኞቹን ኳሶች ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ደህና ነበሩ። የላይኞቹ ስንጥቆች በሙቀቱ ተለጥጠው ለጊዜው ይነካካሉ፣ ምስሉም ይመጣል። ጥቂት ሳምንት መሞቅና መቀዝቀዝ ግን መልሶ ያለያያቸዋል። ቺፑን አንስቶ ከሥሩ አዲስ ኳሶችን መደርደርም፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ፣ ሕመሙ ያለበት ቦታ አይደርስም ነበር። ዘላቂው መፍትሔ የተሻሻለ ቁስ ያለበት አዲስ ቺፕ መበየድ ወይም ቦርዱን መቀየር ነው።

የአገሩ ሁኔታም ያባብሰዋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። መብራቱም አለ። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር፤ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ460 ሜጋ ዋት የተመረቀው ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ባትሪው ለሞተ ላፕቶፕ እያንዳንዱ የመብራት መጥፋት ድንገተኛ መቀዝቀዝ፣ እያንዳንዱ መምጣት እንደገና መጋል ነው። ስለዚህ ሰዉ መብራትን ሲወቅስ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ መብራቱ ማሽኑን አልመታውም፤ ደካማውን ቺፕ ቶሎ አደከመው እንጂ።

መምህሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ላፕቶፑን ሳይሆን የጻፉትን እያሰቡ ነው የመጡት። “እሱስ ይቅር፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ከእሱ ጋር መቅረቱ ነው” አሉ። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች አርፈዋል፤ ሄዶ እንደገና መጠየቅ አይቻልም።

ወጣቱ ካቻቪቴውን አነሳ። ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ሁለት ብሎን ፈትቶ ክዳኑን አንሥቶ ሀርድ ዲስኩን በፕላስቲክ ምላሱ ጎተተው፤ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት። ከዩኤስቢ ጋር የምታገናኝ ቤት ውስጥ ከቶ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሰካት። የመምህሩ ፎልደሮች ሁሉ ተዘረዘሩ። የጠቆረው ስክሪን እንጂ ዲስኩ አንድም ቀን አልታመመም ነበር። ስንት ሰው ይህን ባለማወቅ ላፕቶፑን በጥሬ ዕቃ ዋጋ ለልዋጭ ሰጥቷል! መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ፎቶ፣ የልጅ የመጀመሪያ ልደት፣ ሁሉም ዲስኩ ላይ ደህና ተኝቶ።

ሰነዱ ሲከፈት ሌላ ድንጋጤ መጣ። የሽማግሌዎቹ ታሪክ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆበት፣ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ብዙ ሰው ለዓመታት የተየበው የራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነው፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። ወጣቱ ከዚያው ዲስክ ውስጥ ፎንቱን ፈልጎ ጫነው። “ጉዛራ” የሚለው ቃል ብቅ ሲል መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ።

ላፕቶፑም አልተጣለም። በዚያ ዘመን የነበሩ በርካታ ሞዴሎች በሁለት ዓይነት ቦርድ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ የኢንቪዲያ ቺፕ ያለው፣ ሌላው በኢንቴል ቺፕሴት ውስጥ ባለ ግራፊክስ የሚሠራ። የዴል ላቲቲዩድ ዲ630ና የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ61 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የኢንቴሉ ለጌም ደካማ ነው፣ ግን ብዙ አይግልም፣ እንደ ኢንቪዲያውም አይሰነጠቅም። ጠጋኞቹ ስክሪኑ ከተሰበረ ወይም ከተጣለ ላፕቶፕ ላይ የኢንቴሉን ቦርድ ከእነ ማቀዝቀዣው (ሁለቱ ማቀዝቀዣ ስለማይመሳሰል) አንሥተው ወደ ታመመው ያዛውሩት ጀመር። መምህሩም እንዲህ ያለ ቦርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቀው አስገጠሙ። ልጃቸው የሚወደው የመኪና ጌም ከዚያ ወዲህ እየተጎተተ አስቸገረ፤ ጽሕፈቱ ግን ቀጠለ።

በሽታው በዚያ አላበቃም። ማክቡክ ፕሮ የእ.ኤ.አ. 2011 ሞዴል ላይ ከኤኤምዲ ቺፕ ጋር ተመልሶ መጣ፤ አፕል የነፃ ጥገናውን ያወጀው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነው። በሌላ በኩል ኢንቴል ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ግራፊክሱን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ሲሊኮን ላይ ስላደረገው ተራው ላፕቶፕ ለብቻው የሚግል ቺፕ አያስፈልገውም ሆነ። የባሕር ዳር ጥገና ቤቶችም ከሙቅ አየሩ ይልቅ ወደ ቻርጀር መሰኪያ፣ ወደ ማንጠልጠያና ወደ ኪቦርድ ዞሩ።

አሁን የሚያሳስበው ሌላ ነው። እንደ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ባለ ንክኪ ባር ማክቡክ ፕሮ ባሉ የአፕልና የሌሎች አምራቾች ቀጫጭን ሞዴሎች ላይ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ማኅደር ራሱ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ያኔ በሁለት ብሎን የወጣው ዲስክ በእነዚህ ላይ አይወጣም፤ ቦርዱ ሲሞት በውስጡ ያለውን ለማትረፍ ቦርዱን ራሱን ማስነሳት ግድ ነው፣ ይህን የሚችል መሣሪያና ሙያተኛ ደግሞ ክልል ከተማ ላይ እንደልብ አይገኝም። ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ደንበኛ “የትኛውን ልግዛ?” ብሎ ሲያማክራቸው ስለ ቀለሙም ስለ ቅጥነቱም አያወሩም። ገልብጠው የሆዱን ክዳን ያያሉ፣ ዲስኩ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል የሚለውን ይነግሩታል፣ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ውጫዊ ዲስክ አብሮ ሳይገዛ ከሱቅ እንዳይወጣ ይለምኑታል።